ቀኝ እግሬን አስቀድማለሁ፣ በቀኝ እግሬም እገፋለሁ፦ ጉፊ ነኝ፣ ሞንጎ ነኝ ወይስ ስዊች?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 19 ነው። ስኬትቦርድ ከጀመርኩ 3 ወር ሆኖኛል። የምጽፈው በቀኝ እጄ ነው፣ ኳስም የምመታው በቀኝ እግሬ ነው። ቦርዱ ላይ ስቆም ግን ቀኝ እግሬ ፊት፣ ግራዬ ኋላ ይሆናል። ስገፋም በቀኜ ነው፤ ገፍቼ ስጨርስ መልሼ ፊት ላይ አስቀምጠዋለሁ። አንዱ ጓደኛዬ ‹ጉፊ ነህ› ይለኛል። ሌላው ‹ሞንጎ ነህ› ይለኛል። ሦስተኛው ደግሞ ‹ቀኝ እጅ የሆነ ሰው ቀኝ እግሩን ካስቀደመ ስዊች እየነዳ ነው፤ ሬጉላር መሆን አለብህ› ብሎ እንድቀይር ይጎተጉተኛል። ግራዬን አስቀድሜ ሞክሬ ነበር፤ ትንሽ ቁልቁለት ላይ ስወርድ አንገቴ የተጠመዘዘ መሰለኝ። ባለፈው ደግሞ ስኖውቦርድ ልሞክር ሄጄ የኪራይ ቅጹ ‹ሬጉላር ወይስ ጉፊ?› ሲለኝ፣ ጀማሪና መደበኛ ሰው ማለት መስሎኝ ‹ሬጉላር› ብዬ ሞላሁ። ቀኑን ሙሉ ስወድቅ ዋልኩ። ቀኝ እጅ ሆኜ ጉፊ መሆን እችላለሁ? የቱን እግር ላስቀድም? የእነዚህስ ቃላት ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

መልስ፦ ጓደኞችህ የተከራከሩ መሰላቸው እንጂ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው። የመጀመሪያው ስለ አቋቋምህ ተናገረ፤ ልክ ነው፣ ጉፊ ነህ። ሁለተኛው ስለ አገፋፍህ ተናገረ፤ እሱም ልክ ነው፣ የምትገፋው ሞንጎ፣ ማለትም በፊት እግርህ ነው። ሦስተኛው ግን ተሳስቷል፣ ምክሩንም አትከተል። አቋቋምህን እንዳለ ተወው፤ መቀየር ያለበት የምትገፋበት እግር ነው።

ሬጉላር ማለት ቦርዱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ግራ እግሩን አስቀድሞ የሚቆም ሰው ነው። ጉፊ ማለት ቀኙን የሚያስቀድም ነው። ከዚህ የዘለለ ትርጉም የላቸውም። ስለ ችሎታ፣ ስለ ጀማሪነት፣ ስለ ትክክለኛነት የሚናገሩት አንድም ነገር የለም። ቃላቱ ከሰርፍ፣ ማለትም በቦርድ ማዕበል ከመጋለብ፣ ወደ ስኬትቦርድ፣ ከዚያም ወደ ስኖውቦርድና በጀልባ እየተጎተቱ ወደሚነዱት ዌክቦርድ የተሻገሩ ናቸው። አውስትራሊያ ውስጥ ሰርፈሮች ሬጉላሩን «ናቹራል» ይሉታል። ስሞቹ እንደሚያሳስቱ ግን አልክድም፤ አንዱ «መደበኛ»፣ ሌላው «ቂላቂል» ማለት ስለሆነ አንተም ቅጹ ላይ የተሳሳትከው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንዶች ጉፊ የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1937 ከወጣ የዲዝኒ ካርቱን ጋር ያያይዙታል፤ በዚያ ካርቱን ላይ ጉፊ የተባለው ውሻ ሰርፍ ሲሞክር ይታያል። ቃሉ ግን ከውሻው በፊትም በእንግሊዝኛ ለቂልና ለወጣ ያለ ነገር ይነገር ነበር። ቀኝ የሚያስቀድሙት ከግራ አስቀዳሚዎቹ ስለሚያንሱ ለብዙኃኑ «መደበኛ» የሚለው ስም ተሰጠ፣ ለሌሎቹ ይኸኛው ቀረላቸው። ዛሬ ማንም ሰው ሲጠራበት የሚከፋበት ቃል አይደለም። ታዋቂው ስኬተር ቶኒ ሃውክ ጉፊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በኤክስ ጌምስ ውድድር አየር ላይ ሁለት ዙር ተኩል፣ ማለትም 900 ዲግሪ፣ ዞሮ ያረፈው ቀኝ እግሩን አስቀድሞ ነው። በዚያው ዓመት የሰርፍ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው አውስትራሊያዊው ማርክ ኦኪሉፖም ጉፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014፣ በ2018 እና በ2021 የሰርፍ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ብራዚላዊው ጋብሪኤል ሜዲናም እንዲሁ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጓደኛህ ስህተት ልምጣ፤ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። «ቀኝ እጅ ከሆንክ ሬጉላር ነህ» የሚለው አባባል እውነት ቢሆን ኖሮ ጉፊዎች የግራ እጅ ሰዎችን ያህል ጥቂት በሆኑ ነበር። ግራ እጅ የሆነው ከ10 ሰው 1 ያህሉ ብቻ ነው፤ የጉፊዎቹ ድርሻ ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ነው። ይህ ማለት ከጉፊዎቹ አብዛኞቹ በቀኝ እጃቸው ይጽፋሉ ማለት ነው። እጅ የሚመረጠው ለረቂቅ ሥራ ነው፦ ብዕር ለመያዝ፣ ክር በመርፌ ለማስገባት። ቦርድ ላይ ግን ሁለቱም እግሮች በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ ናቸው፤ ጥያቄው የትኛው ምን ይሥራ የሚል የሥራ ክፍፍል ነው። አንዱ ተሸክሞ አቅጣጫ ይመራል፣ ሌላው ይገፋል፣ ይጫናል፣ ያስፈነጥራል።

ይህ የሥራ ክፍፍል ደግሞ ከቦርድ ቦርድ ይለያያል። ስኬትቦርድ ላይ ስትገፋ የፊት እግርህ ብቻውን ሙሉ ክብደትህን ተሸክሞ በሚንከባለል ነገር ላይ ሚዛን ይጠብቃል፤ የኋላው መሬት ይገፋል፣ ስትዘል ደግሞ ጅራቱን መትቶ ቦርዱን ያስነሳል። ሰርፍ ላይ የኋላ እግር ከቦርዱ ሥር ካሉት ክንፎች በላይ ስለሚያርፍ ጠንካራውን መዞር የሚያዞረው እሱ ነው። ስኖውቦርድ ላይ መዞሩን የሚጀምረው የፊት እግር ነው፣ የኋላው ይከተላል ወይም ይገፋፋል። ስለዚህ «ጠንካራው እግር ኋላ ይሁን» ወይም «ጠንካራው ፊት ይሁን» የሚል ለሁሉም የሚሠራ ደንብ የለም። ኳስ በቀኙ የሚመታ ሰው ኳሱን ሲመታ የሚቆመው በግራው ነው፤ ከዚህ ተነስተው «ግራው የተሸካሚ እግር ነው፣ ፊት ይሁን» የሚሉ አሠልጣኞች አሉ። ለብዙ ሰው ይሠራል፣ ላንተ ግን አልሠራም። ኳስ መምታት የአንድ ቅጽበት ሚዛን ነው፤ ቦርድ ላይ መቆም ግን ዳሌን፣ ትከሻንና አንገትን አንድ ላይ ይዞ ወደ ጎን መሄድ ነው።

ሰዎች አቋቋም ለመለየት የሚጠቀሙባቸውን ሙከራዎች ታውቃቸው ይሆናል። በጣም የታወቀው ከኋላ ድንገት ገፍቶ የትኛው እግር ቀድሞ እንደሚዘረጋ ማየት ነው። እኔ አልጠቀምበትም። የሚዘረጋው እግር በዚያች ቅጽበት ክብደት ያላረፈበት ነው፤ ሰውዬው በግራው ተደግፎ ቆሞ ከነበረ ቀኙ ይወጣል፣ ሌላ ጊዜ ሌላው። በዚያ ላይ ሰው ድንገት መግፋት አደጋ አለው። ደረጃ ስትወጣ የትኛውን ታስቀድማለህ የሚለውም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ከሁሉም የምመርጠው በካልሲ ለስላሳ ወለል ላይ ጥቂት ሮጦ መንሸራተት ነው፤ ምክንያቱም ወደ ጎን ዞሮ መንሸራተት ቦርድ ላይ ከምትሠራው ነገር ጋር ቀጥተኛ ዝምድና አለው። ሦስት አራት ጊዜ ሳታስብበት ሞክረውና የትኛው እግርህ እንደቀደመ እይ። ከዚያም ያለፈ ማስረጃ የሚሆነው ራሱ ቦርዱ ነው፦ ሳትገፋ፣ መሬት ሳትነካ፣ በጣም ትንሽ ቁልቁለት ላይ በሁለቱም አቋቋም ውረድና የትኛው ላይ ጉልበትህ እንደሚላላ አስተውል።

አንተ ይህን ሙከራ ሳታውቀው ሠርተኸዋል። «አንገቴ የተጠመዘዘ መሰለኝ» ያልከው ቃል ለእኔ ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው መረጃ ነው። ጉፊ በቀኝ ትከሻው በኩል፣ ሬጉላር በግራ ትከሻው በኩል ነው ወደፊት የሚያየው። ሰውነት አንዱን ወገን መርጦ ከሆነ በሌላው በኩል ሲያይ ትከሻው ይቆልፋል፣ ዳሌው ይከፈታል፣ ሰውየውም ፊቱን ወደ ጉዞው አዙሮ እንደ እግረኛ ሊቆም ይሞክራል። ይህ በአንድ ቀን ሙከራ ብቻ የማይታመን ምልክት ነው፤ አዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ላይ ይከብዳልና። አንተ ግን ሁለት ጊዜ አግኝተኸዋል፦ አንዴ ስኬትቦርዱ ላይ፣ አንዴ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በረዶው ላይ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ፤ የሞንጎው ጉዳይ። ሞንጎ መግፋት ማለት በፊት እግር መግፋት፣ በኋላ እግር መቆም ነው። ቀኝህን አስቀድመህ በቀኝህ ስለምትገፋ ግራህ ብቻውን ኋላ ላይ ቦርዱን ይሸከማል። ልብ ካልከው ግን በግራ ቆሞ በቀኝ መግፋት የሬጉላር ሰው አገፋፍ ነው። ስለዚህ ሞንጎ የሚገፋ ጀማሪ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «አገፋፉ ነው የተሳሳተው ወይስ አቋቋሙ?» ብዬ ነው። ከእነዚህ ውስጥ በእርግጥም ሬጉላር ሆነው ሳለ ጓደኛቸውን አይተው ጉፊ የቆሙ አሉ፤ ለእነሱ መፍትሔው አንድ እርምጃ ነው፣ ይገለበጣሉ፣ ወዲያው ሁሉም ቦታውን ይይዛል። መለያው ከመግፋቱ በኋላ የሚሆነው ነው። ሳይገፋ ሲወርድ ግራውን አስቀድሞ ዘና የሚል ከሆነ ሬጉላር ነው። ሲወርድም፣ ሲዞርም፣ ሲዘልም ቀኙ ፊት ካልሆነ የማይመቸው ከሆነ ጉፊ ነው፤ አገፋፉ ብቻ ኳስ ከመምታት የመጣ ልማድ ነው። አንተ ሁለተኛው ነህ።

ሞንጎ ኃጢአት አይደለም፣ እንደዚያ እየገፉ ጥሩ ደረጃ የደረሱ ሰዎችም አሉ። ይሁንና እንድትተወው የምወተውትህ ሊያሳፍርህ ስለሚችል አይደለም። ክብደትህ የኋላ ጎማዎች ላይ ሲያርፍ የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ፤ ትንሽ ጠጠር ወይም ስንጥቅ ስታገኝ ቦርዱ አቅጣጫውን ይስታል፣ አንተም እየገፋህ ሳለ መዞር አትችልም። ከእያንዳንዱ ግፊት በኋላ ደግሞ የፊት እግርህን ከኋላ አምጥተህ ፊት ማሳረፍ፣ የኋላውንም ማስተካከል አለብህ። ፍጥነት ሲጨምር፣ ወይም ገፍተህ ወዲያው መዝለል ሲኖርብህ፣ ይህች የጠፋች ግማሽ ሰከንድ ዋጋዋ ከፍ ይላል። ሦስት ወር ገና ልጅ ልማድ ነው፤ ሦስት ዓመት ከሆነው ሰው ጋር ስነጻጽርህ ዕድለኛ ነህ።

አዲሱን አገፋፍ ለመልመድ ጎማው በማይንከባለልበት ቦታ ጀምር፤ ሣር ላይ ወይም ምንጣፍ ላይ። ቀኝ እግርህን ከፊት ብሎኖቹ አጠገብ፣ ጣቶችህ ወደ ጉዞው አቅጣጫ እንዲያዩ አድርገህ አስቀምጥ። ግራህን አንሳና በቀኝህ ብቻ ቁም፣ ጉልበትህን አጥፍ፣ በዚያው ሆነህ ግራህን ዝቅ አድርገህ መሬት ንካና መልሰህ አንሳው። ብዙ ሰው ግፊቱ የሚከብደው የሚገፋው እግር ስለደከመ ይመስለዋል፤ የሚደክመው ግን የሚሸከመው ነው። የቆምክበት ጉልበት ቀጥ ካለ የሚገፋው እግር መሬት አይደርስም፣ ስለዚህ ጎንበስ ትላለህ፣ ጎንበስ ስትል ሚዛንህን ታጣለህ። በአንድ እግር ተረጋግተህ መቆም ስትችል ወደ ለስላሳ ሲሚንቶ ውጣና አንድ ጊዜ ገፍተህ ግራህን ሳታሳርፍ እስክትቆም ድረስ ተንከባለል። የሚገፋው እግር ከቦርዱ ጎን ይረፍ እንጂ ወደፊት ርቆ አይዘርጋ። መጀመሪያ ግራህን ጅራቱ ላይ አሳርፍ፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀኝህን ወደ ጎን የምታዞረው፤ ቅደም ተከተሉን አትገልብጠው። ጥቂት ቀናት ቀርፋፋና አስቀያሚ ይሆንብሃል። በእነዚያ ቀናት መሃል ወደ ሞንጎ እየተመለስክ አትቀላቅል፤ ሁለቱን እያፈራረቀ የሚለማመድ ሰው ሁለቱንም ሲያጠፋ አይቻለሁ።

ከዚህ በኋላ «ስዊች» ወደሚለው ቃል እንሂድ። ስዊች ማለት የራስህን አቋቋም ገልብጠህ መንዳት ነው። የሚለካው ካንተ ነው እንጂ ከእጅህ ወይም ከሌላ ሰው አይደለም። አንተ ጉፊ ስለሆንክ ግራህን አስቀድመህ ስትነዳ ነው ስዊች የምትባለው፤ ሬጉላሩ ጓደኛህ ደግሞ ቀኙን ሲያስቀድም። ሁለታችሁ ጎን ለጎን አንድ ዓይነት ቆማችሁ አንተ በተፈጥሮህ፣ እሱ ስዊች ልትሆኑ ትችላላችሁ። ስዊች መንዳት በስኬትቦርድ ትልቅ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በዚህ የታወቀውን ሳልማን አጋህን በ1993 ትራሸር መጽሔት የዓመቱ ስኬተር ብሎ መርጦታል። ከዚያ በፊት የነበረው ጥያቄ «ምን መሥራት ትችላለህ?» ነበር፤ ከዚያ በኋላ «በሁለቱም ወገን ትችላለህ?» የሚል ተጨመረበት። ዛሬ በውድድር ያንኑ ዝላይ ስዊች የሠራ ሰው የተሻለ ነጥብ የሚያገኘው ለዚህ ነው።

ከስዊች ጋር የሚምታታው ፌኪ ነው። ፌኪ ስትሆን እግሮችህን አታንቀሳቅስም፤ አቋቋምህ የራስህ ሆኖ ቦርዱ ወደኋላ፣ ጅራቱ ቀድሞ ይሄዳል። ኩርባ ግድግዳ ላይ ወጥተህ ሳትዞር ስትመለስ ፌኪ ነው የምትወርደው። ስዊች ላይ ግን እግሮችህ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ጅራቱን የሚመታው እግር ራሱ ሌላ ሆኗል። ኖሊ ደግሞ አራተኛው ነው፦ በራስህ አቋቋም ወደፊት እየሄድክ በፊት እግርህ አፍንጫውን መትተህ የምትነሳበት። ቃሉ «ኖዝ» (አፍንጫ) እና «ኦሊ» (ጅራቱን መትቶ የሚነሱበት መሠረታዊ ዝላይ) ከሚሉት ተጣብቆ የተሠራ ነው። ለአንተ ሲተረጎም፦ በራስህም፣ በፌኪም ጅራቱን የሚመታው ግራህ ነው፤ በኖሊና በስዊች የሚመታው ቀኝህ ነው። ይህችን አንዲት ነገር ከያዝክ ከአራቱ አንዱም አይምታታብህም።

ግራ የሚያጋባው ቃል ግን ሌላ ነው፤ ራሱ «ሬጉላር»። ስኬተሮች አራቱን ሲዘረዝሩ «ሬጉላር፣ ፌኪ፣ ስዊች፣ ኖሊ» ይላሉ። እዚህ ላይ ሬጉላር ማለት ግራ እግር ማስቀደም ሳይሆን «የራስህ የተለመደ አቋቋም» ነው። ስለዚህ አንተ ጉፊ ሆነህ «ሬጉላር ኪክፍሊፕ ሥራ» (ኪክፍሊፕ ቦርዱ ከእግር ሥር የሚገለባበጥበት ዝላይ ነው) ልትባል ትችላለህ፤ ተናጋሪው አልተሳሳተም። ዐውዱን አይተህ ለይ፦ ስለ ሰው ሲነገር የእግር ምርጫ ነው፣ ስለ ዝላይ ሲነገር የራስ አቋቋም ነው።

ወደ በረዶ ስትሻገር ደግሞ ቃላቱ ትንሽ ይላወሳሉ። ስኖውቦርድ ላይ እግሮችህ ታስረዋልና ቦታ መለዋወጥ አትችልም፤ ወደኋላ መሄድ ራሱ ስዊች ነው፣ ፌኪ የሚለውን ብዙዎች በዚያው ትርጉም ይጠቀሙበታል። «ካብ» የሚለውም ተቀይሯል። በስኬትቦርድ ካባሌሪያል ማለት፣ ስሙን ከስኬተሩ ስቲቭ ካባሌሮ የወሰደ፣ ከፌኪ ተነስቶ 360 ዲግሪ መዞር ነው፤ ግማሹ፣ 180ው፣ ሃፍ ካብ ይባላል። በስኖውቦርድ ግን ስዊች ሆኖ ተነስቶ ወደ ፍሮንትሳይድ የሚዞር ሁሉ ካብ ነው።

ፍሮንትሳይድና ባክሳይድን ካነሳሁ፣ ጉፊ የሆነ ሰው በቪዲዮ ሲማር ብዙ ጊዜ የሚያጠፋበት ነገር ስለሆነ ልቆይበት። ቃላቱ ከሰርፍ የመጡ ናቸው፦ ፊትህ ወደ ማዕበሉ ከሆነ ፍሮንትሳይድ፣ ጀርባህ ከሆነ ባክሳይድ። ስትዞር ደግሞ መጀመሪያ ደረትህ ወደ ጉዞው አቅጣጫ የሚመጣበት ፍሮንትሳይድ፣ ጀርባህ የሚመጣበት ባክሳይድ ነው። ሬጉላር ሰው ፍሮንትሳይድ የሚዞረው ወደ ግራው ነው፤ አንተ ወደ ቀኝህ፣ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ። አስተማሪው ሬጉላር ሆኖ «ወደ ግራ ዙር» ካለህና ቃል በቃል ከተከተልከው የምትሠራው ባክሳይድ ይሆናል፤ ከዚያም «ይህ ለምን እምቢ አለኝ?» ትላለህ። ቀኝና ግራ የሚለውን አትስማ። «የፊት እግር፣ የኋላ እግር፣ የጣት ወገን፣ የተረከዝ ወገን» የሚለውን ስማ፤ እነዚህ ለሁለታችሁም አንድ ናቸው። ቪዲዮውን እንደ መስታወት አገላብጦ የሚያሳይ መሣሪያ ካለህ ደግሞ ተጠቀምበት፤ ሬጉላሩ አስተማሪ ጉፊ ሆኖ ይታይሃል።

አሁን ያ በረዶ ላይ ያለቀው ቀንህ። «ሬጉላር» ብለህ ስትሞላ ማሰሪያዎቹን ግራ እግር እንዲያስቀድም አድርገው አስተካክለውልሃል። የማሰሪያ አንግል የሚለካው ከቦርዱ ርዝመት ጋር መስቀለኛ ከሆነው መስመር ተነስቶ በዲግሪ ነው፤ ወደ አፍንጫው ያዘነበለው በመደመር፣ ወደ ጅራቱ ያዘነበለው በመቀነስ ይጻፋል። ሁለቱም እግሮች ወደ አፍንጫው ባዘነበሉበት ቦርድ ላይ አንተ ቀኝህን ስታስቀድም ጣቶችህ ሁሉ ከጉዞህ ተቃራኒ ያያሉ፤ በዚያ ላይ መውደቅ አያስገርምም። «ዳክ» የሚባለው አቋቋም፣ እንደ ዳክዬ እግር ወደ ውጭ የተከፈተው፣ ለምሳሌ ፊት በመደመር 15፣ ኋላ በመቀነስ 15 የሆነው፣ ሁለቱ ጫፎቹ እኩል ከሆኑ ቦርድ ጋር ሲሆን በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱንም ወገን ልትሞክር ለምትፈልግ ጀማሪ እሱን ጠይቅ። ቅጹ ላይ ግን ያለ ማቅማማት ጉፊ ብለህ ጻፍ፣ ቦርዱን ስትቀበልም ቀኝ እግርህ በአፍንጫው በኩል መሆኑን ራስህ አረጋግጥ። ይህ የምቾት ብቻ ጉዳይ አይደለም። ወንበር ማንሻ ላይ ስትወጣና ስትወርድ የፊት እግርህ ብቻ ታስሮ የኋላው ይፈታል፤ ቦርዱ ከተጠመዘዘ የሚጣመመው የታሰረው ጉልበት ነው። ያ ጉልበት የማትተማመንበት እግር ላይ እንዲሆን አትፍቀድ።

ሰርፍ ብትጀምር የእግር ማሰሪያው ገመድ የሚታሰረው ኋላ እግር ላይ ስለሆነ ያንተ በግራ ቁርጭምጭሚትህ ይሆናል። ማዕበልም ለጉፊና ለሬጉላር እኩል አይደለም። ጋላቢው ወደ ዳርቻው ሲመለከት ወደ ግራው የሚሰበረው ማዕበል «ግራ» ይባላል፣ ጉፊ እዚያ ላይ ፊቱን ወደ ውሃው ግድግዳ አድርጎ ይጋልባል። በሃዋይ፣ በኦዋሁ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ ያለው ፓይፕላይንና የ2024 (እ.ኤ.አ.) ኦሎምፒክ የሰርፍ ውድድር የተካሄደበት የታሂቲው ቲያሁፖ ግራ ማዕበሎች ናቸው፤ ደቡብ አፍሪካ ያለው ጄፍሪስ ቤይ ቀኝ ነው። ስለዚህ ስዊች ሳትማርም ለአቋቋምህ የሚስማማውን የሰርፍ ቦታ መምረጥ ትችላለህ። በነፋስ በሚጎተት ካይት ቦርድ ግን ነገሩ ይላላል፤ ሁለቱ ጫፎቹ እኩል በሆኑ ቦርዶች ላይ ነፋሱን አቋርጠህ ስትመላለስ ወደ ቀኝ ስትሄድ ቀኝህ፣ ወደ ግራ ስትሄድ ግራህ ይቀድማል፤ ሳታውቀው ሁለቱንም ትለምዳለህ።

ስለ አቋቋም ቅርጽ የሚነገሩ ሌሎች ቃላትም ይደርሱሃል። «ስቲንክባግ» የሚሉት እግሩን እጅግ ከፍቶ መቀመጫውን ወደ ኋላ አውጥቶ የቆመን ሰርፈር ነው፤ ከሚሸተው ጥንዚዛ አኳኋን የተወሰደ ነው። ይህ ከጉፊነት ጋር አይገናኝም፤ ጉልበትን ወደ ውስጥ አስገብቶ ደረትን በማቅናት ይስተካከላል።

መጠንቀቅ ያለብህ ሁለት ነገሮች አሉ። ከዚህ በፊት አንዱ ጉልበትህ ወይም ቁርጭምጭሚትህ ተጎድቶ ከነበረ ሙከራዎቹ ሁሉ ሊዋሹህ ይችላሉ፤ ሰውነት የሚመርጠው የሚመቸውን ሳይሆን የማያመውን ነው። እንደዚያ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ይይህ፣ ምርጫውን ከዚያ በኋላ አድርግ። ሁለተኛው፣ ስዊች ስትለማመድ እንደገና ጀማሪ ነህ። ዓይንህና ድፍረትህ ግን ጀማሪ አይደሉም፤ በለመድከው ፍጥነት ገብተህ በማታውቀው ወገን ትወድቃለህ፣ እጅህን ዘርግተህም የእጅ አንጓህን ትሰብራለህ። ስለዚህ የራስ ቁርና የአንጓ መከላከያ ሳታደርግ፣ ፍጥነትህንም ሳትቀንስ ስዊች አትሞክር።

እንግዲህ ይህን አድርግ። ጉፊ ሆነህ ቀጥል፣ ስለ እጅህ ለሚነግርህ ሁሉ ጆሮ አትስጥ። ከነገ ጀምሮ በግራህ ብቻ ግፋ፤ ለሁለት ሳምንት አዲስ ዝላይ አትማር፣ መግፋትንና መዞርን ብቻ ሥራ። ሳታስብበት በግራህ መግፋት ከጀመርክ በኋላ ወደ ዝላይ ተመለስ። ስዊችን የምትጀምረው በራስህ አቋቋም ቦርዱን ይዘህ በሁለቱም ወገን መዞርና በሰላም መቆም ስትችል ነው። ያን ጊዜ ግራህን አስቀድመህ በቀኝህ ትገፋለህ፤ ዛሬ በሞንጎ የለመደው ቀኝ እግርህ ሥራ የሚያገኘው እዚያ ነው።